ለአንድ ጽሑፍ 2 ሜጋባይት? ስለ ጎፈር፣ ስለ ጀሚናይና ስለዛሬው ድር የተከራከርንበት ክር

ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ እየበዛ ስለሄደና አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉን ማንበብ ስላልቻለ፣ መጀመሪያ የጻፍኩትን አስቀድሜ የተመለሰልኝን በየቁጥሩ እተርካለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመክፈቻው ጽሑፍ

አንድ ዜና ለማንበብ ገጽ ትከፍታላችሁ። ሁለት አንቀጽ ሳትጨርሱ ዳታው ያልቃል። ጽሑፉ ራሱ እኮ ጥቂት ኪሎባይት ነው! የቀረው ማስታወቂያ፣ እናንተን የሚከታተል ኮድ፣ ፎንት፣ ሳትነኩት የሚጀምር ቪዲዮ፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ኩኪ ተቀበሉ የሚል መስኮት ነው። ኤችቲቲፒ አርካይቭ የሚባል የድረ ገጾችን ክብደት የሚመዘግብ ፕሮጀክት አለ። በ2024 በለካቸው ገጾች ከቀላል ወደ ከባድ ብትደረድሯቸው መሃል ላይ የሚውለው ገጽ ከ2 ሜጋባይት በላይ ነበር። በካርድ ዳታ ለሚገዛ ሰው ይህ ገንዘብ ነው።

ሌላ መንገድ አለ። በ2019 ሶልደርፐንክ በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ጀሚናይ የሚባል ፕሮቶኮል፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ገጽ የሚለዋወጡበት ደንብ፣ ጀመረ። አሠራሩ በጣም አጭር ነው። የእናንተ ፕሮግራም አንድ አድራሻ ይልካል፣ ከ1024 ባይት የማይበልጥ። ሰርቨሩ፣ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒዩተር፣ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ይመልሳል። በ2 ከጀመረ ገጹ ተገኝቷል፣ በ3 ከጀመረ ወደ ሌላ አድራሻ ይመራችኋል፣ በ5 ከጀመረ አልተሳካም። ከዚያ ጽሑፉ ይመጣና ግንኙነቱ ይዘጋል። ኩኪ የለም። ጃቫስክሪፕት፣ ያ ገጹ ውስጥ የሚሮጠው ኮድ፣ የለም። አንድ ገጽ ስትከፍቱ አንድ ፋይል ብቻ ነው የሚመጣው፣ ምስል እንኳ ሊንኩን ካልነካችሁ በስተቀር አይወርድም። ጸሐፊው ርዕስ፣ ዝርዝር፣ ጥቅስና ሊንክ አለው፣ ቀለሙንና ፎንቱን የሚመርጠው አንባቢው ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው። ዜና፣ ግጥም፣ አዋጅ፣ የትምህርት ማስታወሻ፣ በአጠቃላይ ለመነበብ የተጻፈ ነገር ሁሉ፣ አንባቢው ለቃላቱ ብቻ በሚከፍልበት መንገድም መቅረብ አለበት። የአማርኛ ጽሑፍ በዚህ ቢቀርብ ምን ይጎድለዋል?

መልሶቹ

1ኛው መልስ ከርዕሱ ወጥቶ ጀመረ። ጸሐፊው የማወራው ስለ ጉግል ሰው ሠራሽ አስተውሎት መስሎት፣ ያ እኮ ዳታ ይበላል ብሎ ተከራከረኝ።

2ኛው በትህትና አረመው። የጉግሉ ይህን ስም የያዘው በ2023 መጨረሻ ላይ እንደሆነ፣ ፕሮቶኮሉ ግን ከዚያ 4 ዓመት በፊት እንደነበረ አስረዳ። ስሙም የናሳ የጠፈር ፕሮጀክት ስም ነው። የሚሠራበት ፖርት፣ ማለትም የግንኙነቱ በር ቁጥር፣ 1965 የሆነውም የዚያ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ሰው የጫነ በረራ በ1965 ስለተደረገ ነው።

3ኛው ከአንዲት ወረዳ ከተማ የጻፈ መምህር ነው። ሐሳቡን ወደደው። ተማሪዎቹ አንድ ስልክ ላይ ያለውን ዳታ ለብዙ እየተካፈሉ እንደሚያነቡ፣ የባዮሎጂ ማስታወሻ ሊያወርዱ ገብተው ማስታወቂያ ሲያወርዱ እንደሚውሉ ነገረን። ጥያቄው ተግባራዊ ነበር። በተራ ስልክ ብሮውዘር ይከፈታል ወይ? አይከፈትም። ላግራንዥን የመሰለ የራሱ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል፣ በኮምፒዩተርም በአንድሮይድም ይሠራል። ይህን እዚያው መለስኩለት።

4ኛው መልስ ክርክሩን አጋለው፣ በዚህ ክር ውስጥ ከተባለው ሁሉ ጠንካራው ተቃውሞም የእሱ ነው። የድረ ገጽ ሠሪ ነኝ ይላል። እሱ እንደሚለው ድሩን ያከበደው ኤችቲቲፒ፣ ማለትም ድሩ የሚሠራበት ፕሮቶኮል፣ አይደለም። ያከበዱት ሰዎች ናቸው፤ ማስታወቂያ ጨምር የሚል አለቃና ሳያስብ የሚጨምር ሠራተኛ። የድሩ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ዛሬም ተከፍቶ ይነበባል፣ ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነው፣ የዛሬ ብሮውዘር ያለ ምንም ችግር ያሳየዋል። እንዲህ ያለ ገጽ ዛሬ መጻፍ የከለከለ የለም። ታዲያ ሰው ለምን አዲስ ፕሮግራም ይጫን? ለምን አዲስ ፖርት? ሲጨርስ ደግሞ ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ እንደሆነና በድሃ አንባቢ ስም መነገድ ተገቢ እንዳልሆነ ጨመረበት። ይህቺ የመጨረሻዋ አላስፈላጊ ነበረች።

በ5ኛው እኔ መለስኩ። ቀላል ገጽ በድሩ ላይ መጻፍ እንደሚቻል አልካድኩም። ግን አንባቢ ሊንክ ሲነካ ከወዲያ ያለው ገጽ ቀላል ይሁን ከባድ፣ ይከታተለው አይከታተለው፣ ሳይከፍት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በጀሚናይ ግን ያውቃል፣ ምክንያቱም ፕሮቶኮሉ ሌላ ነገር እንዲጨመርበት በር አልተወም። ድሩም ሲጀምር ቀላል ነበር። ኩኪ በ1994 ኔትስኬፕ በሚባለው ብሮውዘር ውስጥ ገባ፣ ጃቫስክሪፕት በ1995፣ እያንዳንዱ በጊዜው በቂ ምክንያት ነበረው። ዛሬ የምናየው የእነዚያ በቂ ምክንያቶች ድምር ነው። ለዚህ ነው የሠሪው ጨዋነት ብቻ ዋስትና የማይሆነኝ።

6ኛውን የጻፉት አንድ አባት ናቸው፣ ብዙዎቻችን ጋሼ እያልን ነው ያናገርናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሚኒያፖሊስ ተማሪ ነበሩ፣ ጎፈርን በተወለደበት ግቢ ነው ያዩት። ጎፈር በ1991 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የእነ ማርክ ማካሂል ቡድን የሠራው፣ በኢንተርኔት ሰነድ የሚፈለግበትና የሚነበብበት ፕሮቶኮል ነው። ጋሼ እንደገለጹት ስክሪኑ ላይ የሚመጣው የዝርዝር ገጽ ነበር። አንዱን መርጠህ ትገባለህ፣ ከውስጡ ሌላ ዝርዝር፣ መጨረሻ ላይ ጽሑፉ። ከስር ደግሞ እያንዳንዱ መስመር በአንድ ምልክት ይጀምራል፤ 0 ጽሑፍ፣ 1 ሌላ ዝርዝር፣ 7 መፈለጊያ፣ 9 ሌላ ዓይነት ፋይል። የቤተ መጻሕፍቱን ካታሎግም ሆነ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰነድ በዚያው መልክ ማየት ይቻል ስለነበር ለሰው የተለየ ማስተማር አላስፈለገም። ከዚያ በ1993 ዩኒቨርሲቲው ለሰርቨሩ ሶፍትዌር የፈቃድ ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 30 ቀን ሰርን የድሩን ሶፍትዌር ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ለቀቀ። ጋሼ ጎፈርን የገደለው ይህ ነው ባይ ናቸው። አሁንም እንደሚቆጫቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል።

7ኛው በአክብሮት አከለባቸው። የክፍያው ወሬ ሰውን እንዳስደነገጠ ተቀብሎ፣ ሞዛይክን ግን መርሳት እንደማይገባ ጻፈ። በ1993 ከኢሊኖይ የወጣው ይህ ብሮውዘር ምስልን ከጽሑፉ ጋር በአንድ ገጽ አሳየ፣ ሰው ያንን ካየ በኋላ ወደ ባዶ ዝርዝር አልተመለሰም። የጎፈር ሌላው ድክመት ምስጠራ የሌለው መሆኑ ነው፣ መስመሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ የምታነበውን ያነባል። ጀሚናይ በዚህ ይለያል፣ ያለ ምስጠራ ጭራሽ አይሠራም።

8ኛዋ ጋሼን ጠየቀቻቸው። በዚያን ጊዜ በጎፈር አማርኛ ይነበብ ነበር?

በ9ኛው ጋሼ ተመለሱ። አይነበብም ነበር። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ የዓለም ፊደላት ለኮምፒዩተር ቁጥር በተሰጣቸው የጋራ ሠንጠረዥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በኢሜይል የሚጻጻፉ ኢትዮጵያውያን አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፉት ነበር፣ ለዚህም ሴራ የሚባል ሥርዓት ያለው አጻጻፍ ተበጅቶ ነበር። በኋላ ድረ ገጾች ሲመጡ እያንዳንዱ የራሱን ፎንት ጫኑ ይላል፣ ካልጫንክ የምታየው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው፣ አለዚያም ጽሑፉን በምስል አድርገው ይለጥፉታል። ስለዚህ የድሮው ቀላል ዓለም ለእኛ ዝግ እንደነበር፣ ስናፍቀው ይህን እንዳንረሳ አሳሰቡ። ይህ መልስ ብዙ ሰው አመስግኖበታል፣ እኔም ከልቤ።

ከ10 እስከ 13 ያለው ወደ ቴሌግራም ሄደ። አንዱ የእኛ ጀሚናይ ቴሌግራም እንደሆነ፣ ጽሑፍ በቻናል ሲለቀቅ ዳታ እንደማይበላና ሁሉም ስልክ ላይ እንዳለ ጻፈ። ሌላው የአንድ ኩባንያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቤቴ ማለት እንደማይቻል፣ ለመግባትም ስልክ ቁጥር እንደሚጠየቅ መለሰ። ሦስተኛዋ በ2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ለወራት ተገድበው እንደነበር አስታወሰች። የመጀመሪያው ተናደደ። ያ ከሆነ 1965ን የመሰለ ለብቻው የቆመ ፖርት ለመዝጋት አንድ መስመር ትእዛዝ እንደሚበቃ፣ ድሩ የሚሄድበትን 443 መዝጋት ግን ባንኩንም አየር መንገዱንም መዝጋት እንደሆነ ጻፈ። በዚህ ነጥብ ልክ ነው። ጀሚናይ ከመዘጋት ያድናል ያለ ሰው ግን አልነበረም።

14ኛው ኦፔራ ሚኒን አነሳ። ከ2005 ጀምሮ ገጹን በራሱ ሰርቨር አሳንሶ ወደ ስልክ ይልካል፣ በቁልፍ ስልክ ዘመን ስንቶቻችን በእሱ ኢንተርኔት አየን። ይህን ያህል የተሠራለት ችግር ስለሆነ አዲስ ነገር አያስፈልግም ባይ ነው። ሥር ላይ ግን አንድ ነገር አልነካም፤ ገጹ መሃል መንገድ ላይ የሚቀነሰው መሃል ያለው ሰርቨር ስለሚያነበው ነው።

15ኛው የኔትወርክ ባለሙያ ነው፣ አጻጻፉ ደረቅ፣ ቁጥሩ ግን የጠራ። ሁለት ነገር አመጣ። የመጀመሪያው ጽሑፍን ስለማመቅ፣ ማለትም ሲላክ ጠቅልሎ ስለማሳነስ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፣ ስለዚህ 10,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ 30,000 ባይት ገደማ ነው። ድሩ ጽሑፍን አምቆ ይልካል። የእኛ ፊደላት ሦስት ባይት ሲሆኑ የመጀመሪያዋ ባይት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነች፣ ጽሑፉ በደንብ ይታመቅና ከግማሽ በታች ይወርዳል። ጀሚናይ አያምቅም። ስለዚህ ጽሑፍ ከጽሑፍ ጋር ካወዳደርን፣ ለአማርኛ ቀለል የሚለው ድሩ ነው! ሁለተኛው ስለ ግንኙነቱ ነው። ጀሚናይ ለእያንዳንዱ ገጽ አዲስ ግንኙነት ይከፍታል፣ በየጊዜው ሰርቨሩና ስልኩ ምስጠራውን ለማስጀመር ይመላለሳሉ። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ይህ ምልልስ ከአጭር ገጹ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ላይ ሰርቨሩ የሚመጣው ስንት ባይት እንደሆነ አስቀድሞ ስለማይናገር፣ ምን ያህል እንደቀረ ማወቅ አይቻልም።

እዚህ ላይ ክሩ ተበላሸ። 16ኛው ባለሙያውን የኩባንያ ጠበቃ አለው። 17ኛው፣ ማለትም ባለሙያው ራሱ፣ ባይት መቁጠር የማይችል ሰው ስለ ፕሮቶኮል እንዳያወራ ነገረው። 18ኛዋ ሁለቱንም ገሠጸች፣ ልጆች ሆይ በሚል ዓይነት።

19ኛው የእኔ ነው። የባለሙያው ስሌት ትክክል ስለሆነ መልስ ይገባዋል። ሳይታመቅ 30 ኪሎባይት የሆነው ጽሑፍ አሁንም ከ2 ሜጋባይቱ ገጽ ከ60 ጊዜ በላይ ያንሳል። የታመቀው የድሩ ጽሑፍ ብቻውን ቢመጣ ኖሮ ክርክር አልነበረንም፣ ግን ብቻውን አይመጣም። ማመቂያ የመጨመር ሐሳብ ግን ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ለአንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይበቃል፣ ሦስት እጥፍ የምንከፍለው እኛ ነን።

20ኛውን የጻፈው ዓይነ ስውር አንባቢ ነው፣ እኔን በግሌ ከሁሉም በላይ የነካኝ ይህ ነው። ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደር፣ ይጠቀማል። አማርኛውን የሚያነብለት ኢስፒክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። ድምፁ የሰው ባይመስልም ለምዶታል። ችግሩ ያለው ገጹ ላይ ነው። ርዕሱ ጋ ለመድረስ ሠላሳ ሊንክ ይሰማል፣ አንቀጽ መሃል ላይ ሳለ ማስታወቂያ ይገባና ያለበት ቦታ ይጠፋዋል፣ የመዝጊያው ምልክት ስም ስለሌለው መዝጋት አይችልም። ዓይናማ ሰው ይህን በአንድ ጣት ይዘልለዋል። እሱ አይችልም። የጀሚናይ ገጽ ግን ከላይ እስከ ታች የሚነበብ መስመር ነው፣ ርዕሱ ርዕስ፣ ሊንኩ የራሱ መስመር፣ ሌላ የሚያቋርጥ የለም። ለ4ኛው ሰው ያቀረበው ጥያቄ ቀጥተኛ ነበር። ድሩ ላይ ይህን ማድረግ ከተቻለ ለምን ሁልጊዜ አይደረግም?

4ኛው ሰው በ21 ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ድምፁ ለስልሷል። ለዓይነ ስውራን የሚሆን ገጽ አሠራር መመሪያ እንዳለ፣ እሱም እንደሚያውቀው፣ ግን ደንበኛ ለዚያ ሰዓት እንደማይከፍል አመነ።

22ኛው ማንም ያልጠበቀው ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ዲያቆን ነኝ ያለ ሰው ዜማ ለመጻፍ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። የዜማ ምልክቶቹ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ በ2005 ዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል፣ ፎንት ካለ ይታያሉ። ግን ምልክቱ የሚቀመጠው ከቃሉ በላይ፣ በትክክለኛዋ ፊደል አናት ላይ ነው። በጀሚናይ መስመር ላይ አንዱን ጽሑፍ ከሌላው በላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ቦታ እየቆጠሩ በሁለት መስመር መጻፍም አያዋጣም፣ የእኛ ፊደላት ስፋታቸው እኩል ስላልሆነ ምልክቱ ይንሸራተታል። ድሩ ግን ለጃፓንኛ ንባብ ተብሎ የገባ ሩቢ የሚባል ነገር ስላለው፣ ትንሽ ጽሑፍ ከትልቁ አናት ላይ ያስቀምጣል። ለዜማ ድሩ ያሸንፋል። ይህን በደስታ ነው የጻፍኩት፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእኛው መንደር ሲመጣ ደስ ይላል።

23ኛዋ የመፈለጊያ ችግር አገኘች። በጀሚናይ ለሰርቨር ጥያቄ የሚላከው በአድራሻው ውስጥ ነው። አድራሻ ውስጥ ደግሞ አንድ የአማርኛ ፊደል በፐርሰንት ምልክት ተተርጉሞ 9 ቦታ ይይዛል። የአድራሻውን ገደብ 1024ን ለ9 ብታካፍሉት 113 ነው፣ የሰርቨሩ ስም ሲቀነስ ያንሳል። ለፍለጋ ይበቃል። አስተያየት ለመጻፍ ግን ከሁለት ዓረፍተ ነገር አያልፍም። ላቲን ጻፊ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጽፋል። እኔ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

24ኛው ይህ ሁሉ የኮምፒዩተር ሰዎች ማኅበር ሆኖ እንደሚቀር በአንድ መስመር ጽፎ ሄደ። 25ኛው የሥራ ማስታወቂያ ለጠፈ፣ ማስታወቂያው ተሰረዘ።

26ኛው የወረዳው መምህር ነው። ክርክሩን ሁሉ አንብቦ ውሳኔውን ይዞ መጣ። ማስታወሻዎቹን በጀሚናይ አጻጻፍ ሊጽፋቸው ነው፣ ምክንያቱም ከርዕስ፣ ከዝርዝርና ከሊንክ ሌላ የሚማረው ነገር የለውም። ከዚያው ፋይል ደግሞ ማስዋቢያም ኮድም የሌለው ተራ የድር (ኤችቲኤምኤል) ገጽ ይወጣል። ላግራንዥ የጫነ በዚያ ያነባል፣ ያልጫነ በስልኩ ብሮውዘር። የሚረዳው ሰው ጠየቀ።

በ27 4ኛው ሰው፣ ያ የድረ ገጽ ሠሪው፣ መቀየሪያውን ስክሪፕት እሱ እንደሚጽፍ፣ ገጹንም ታምቆ እንዲላክ እንደሚያዘጋጅ አሳወቀ። በ28 የኔትወርክ ባለሙያው ሰርቨሩን እንደሚያቆምለት ጻፈ፣ ለ16ኛው ሰው ግን አሁንም ይቅርታ አላለውም።

የቀረን የሥዕሎቹ ጉዳይ ነው። የባዮሎጂ ማስታወሻ ያለ ሕዋስ ሥዕል አይሆንም። እኔ ያቀረብኩት ሥዕሉ ከገጹ ተለይቶ በራሱ ሊንክ እንዲቀመጥ፣ ሊንኩ ላይ ስንት ኪሎባይት እንደሆነ እንዲጻፍና ከስሩ ሥዕሉ የሚያሳየው ነገር በቃላት እንዲብራራ ነው። እንዲህ ከሆነ ዳታ ያለው ያወርዳል፣ የሌለው ማብራሪያውን ያነባል፣ 20ኛው ወንድማችንም ይሰማዋል። መምህሩ እያንዳንዱን ሥዕል ከ40 ኪሎባይት በታች ማድረግ ይቻል እንደሆነ እየጠየቀ ነው። ሥዕል ማሳነስ የሚችል ካለ ከዚህ በታች ይጻፍለት።